የጠላትን ልብስ ያጠብን ሴቶች

ናንግ ኡርባና፣ እትዬ ኡርባና እንደማለት ነው፣ ማንበብ አትችልም ነበር። ግን ጃፓን አገራችንን በያዘ ጊዜ ኢሎይሎ ከተማ ውስጥ ስንት ወታደር እንዳለ፣ የትኛው ጦር መጥቶ የትኛው እንደሄደ፣ ማን በወባ እንደተኛና ማን ቆስሎ እንደተመለሰ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከሻምበላቸው ከኦኩዳ ራሱ ትበልጥ ነበር ብል አላጋነንኩም። ሻምበሉ የሚያየው ወረቀት ነው። እሷ የምታየው ልብሱን ነበር።

ልብስ ማጠቢያዋ ሃሮ ወንዝ ዳር፣ በቀርከሃ ምሰሶ ላይ የቆመ የዘንባባ ጣራ ነበር። ከፊቱ ሰፊ ማስጫ፣ ከጎኑ የከሰል ካውያ የሚግልበት ምድጃ አለው። እሷ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ደንዳና፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። የጠቀለለችውን ትምባሆ እሳቱን ወደ ውስጥ አድርጋ ነው የምታጨሰው፤ እንደ አሮጊቶቻችን። አንድ ጃፓን ወታደር መጀመሪያ ያያት ቀን ምላሷ የተቃጠለ መስሎት ውኃ ሊያመጣላት ሮጧል።

እኔ ሊብራዳ እባላለሁ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ባሌ ዳማሶ አስተማሪ ነበር፤ ጃፓንን ሊወጋ ዘምቶ ባታን ጦርነት ላይ ቀረ። ከሞቱ በኋላ ከእናቱ ከእማማ ሄርባሲያ ጋር ፓቪያ መንደር ሁለት ዓይነት እህል ሳናይ ስድስት ወር ኖርን። ድንች ጠፋ፤ ሙዝ ጠፋ። አንድ ቀን "ሃሮ ወርጄ ልብስ አጥባለሁ" አልኳቸው።

"የማንን ልብስ?"

ከጃፓን በቀር ልብስ የሚያሳጥብ ማን ነበረ?

እማማ ሄርባሲያ አልጮሁም። ሳህኔን ከመደርደሪያው አነሱና ደጅ አስቀመጡት። "የልጄን ገዳዮች ሱሪ የነካ እጅ የኔን ዕቃ አይነካም" አሉና በሩን ዘጉ። ብዙም ሳይቆዩ እሳቸውም እንደ ብዙ ሰው ወደ ተራራው፣ ወደ ታግባካን ሸሹ።

ማጠቢያው ውስጥ ከገባሁ ሦስት ወር ያህል እንደሆነ፣ ኡርባና ከእኔ ጋር አንሶላ እየጠመዘዘች ጠየቀችኝ፤ ወጣት ሴትን ሁሉ "ኢንዳይ" ነው የምትለው።

"ኢንዳይ፣ ትናንት ካሰጣሽው ውስጥ ቀይ ክር ያለበት ስንት ነበር?"

እያንዳንዱ ጦር ልብሱ እንዳይቀላቀልበት ኮሌታውና የሱሪው ወገብ ውስጥ የራሱን ቀለም ክር ይሰፋል።

"አርባ አንድ።"

"ባለፈው ሳምንትስ?"

"ሃያ ስድስት መሰለኝ።"

"መሰለኝ አይደለም። ሃያ ስድስት ነው። እንግዲህ አሥራ አምስት እንግዳ መጥቶልናል ማለት ነው። ሱሪያቸው ላይ የነበረው ጭቃ ምን ዓይነት ነው?"

"ቀይ።"

"ቀይ ጭቃ ያለው የት ነው?"

አንሶላው ከእጄ ሊወድቅ ሲል እሷ ጫፉን ጠበቅ አድርጋ ሳበችው። "ጥመዢ፣ ጥመዢ። ክፍት አፍ ልብስ አያደርቅም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገባሁበት። እሷ ግን "ሰላይ" የሚለውን ቃል አትወድም ነበር። "ሰላይ ማለት ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ ጥግ ላይ የሚቆም ወንድ ነው" ትላለች። "እኛ ልብስ እናጥባለን። ዓይናችን ደግሞ ክፍት ነው። ዓይን መክፈት እስካሁን አልተከለከለም።" ሕጓ አንድ ብቻ ነበር፦ ምንም አይጻፍም። "ወረቀት ይገድላል። ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ግን ራስሽ ካልሰጠሻቸው አያገኙትም።"

የመኮንኖቹን ኮሌታ የምናጠነክረው በካሳቫ ዱቄት ነው። ዱቄቱን በየሁለት ሳምንቱ ሳንታ ባርባራ ካለች አንዲት ነጋዴ እኔ ሄጄ አመጣለሁ። ሴትየዋ ዱቄቱን ስትሰፍር እኔ በጆሮዋ የቆጠርነውን እነግራታለሁ፤ ከዚያ ወሬው ተራራ ወጥቶ ጫካ ላሉት ሰዎቻችን ይደርሳል። እኛን አያውቁንም፤ እኛም አናውቃቸውም። የሚያውቁት "ካሳቫዋ እንዲህ ትላለች" የሚለውን ብቻ ነው።

ከባዱ እሱ አልነበረም። ከባዱ ሰው ነበር። ገበያ ስወጣ ዓሣ ሻጯ ፊቷን ታዞርብኛለች። "ለጃፓን አጣቢ ዓሣ የለኝም። አጥንቱን ከፈለግሽ ከውሻው ጋር ተሻሚ።" ቤተ ክርስቲያን ስገባ ከአጠገቤ የተቀመጠው ሁሉ ይነሳል። አንድ እሁድ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ኡርባና ምድጃው አጠገብ ሆና ሰማችኝና ትምባሆዋን ከአፏ አወጣች።

"ሰደቡሽ?"

"ተፉብኝ።"

"ጎሽ! ሥራሽ አምሯል ማለት ነዋ። ጃፓን የሚጠረጥረው ሰው የሚወዳትን ሴት ነው። ዳግመኛ ሲተፉብሽ አንገትሽን እንዳትደፊ። ቀና በይ። የሚያፍር ሰው ነው የሚያቀረቅረው፤ አንቺ ምን አድርገሽ ታፍሪያለሽ?"

መጋቢት ውስጥ፣ በደረቁ ወራት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሪ ሙሉ ልብስ መጣ። ልብሱን ያመጣው አሥር አለቃ ቋንቋችንን ሰባብሮ ይናገራል። ረቡዕ ቀትር ላይ ሁሉም መመለስ አለበት አለ፤ ቢደርቅም ባይደርቅም። ከልብሱ ጋር ሁለት ጆንያ የሸራ ጫማ ነበር፤ ያ አውራ ጣቱ ለብቻው የተከፈለው፣ ገደል የሚወጡበት። ወደ ሻምበል ኦኩዳ ሸሚዞች ስንደርስ አሥር አለቃው ጣቱን ቀስሮ "ዱቄት የለም፣ ዱቄት የለም" አለ።

ኡርባና ቅንድቧን አነሳች። ሻምበሉ ኮሌታው እንደ ጣውላ ካልቆመ ሸሚዙን ፊታችን ላይ የሚወረውር ሰው ነው።

"ምነው ጌታው? ሻምበሉ ታመሙ እንዴ?"

አሥር አለቃው ሳቀና አንገቱን እንደሚያሳክከው ሰው አከከ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ቆነጠጠ። "እማማ፣ አልቅት... ለአልቅት ምን ጥሩ?"

"ትምባሆ" አለች ኡርባና ፊቷ ሳይለወጥ። "አኝከህ ትቀባዋለህ። እንካ፣ ይሄን ውሰድ።" የራሷን ትምባሆ ቆርሳ ሰጠችው። እሱም አመስግኖ ሄደ።

ጋሪው ከዓይናችን እንደራቀ ወንዙ ዳር ቁጢጥ አለች። "ለስላሳ ኮሌታ የፈለገ መኮንን ብዙ ሊያልበው ነው። ተራራ ሊወጣ ነው። ኢንዳይ፣ በመጋቢት አልቅት ያለበት ተራራ የትኛው ነው?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በደረቅ ወራት አልቅት የሚገኘው ፀሐይ የማይገባው የታግባካን ሸለቆ ውስጥ ብቻ ነው። ታግባካን ላይ ደግሞ የጫካ ሰዎች ቁስለኞቻቸውን ያስተኙበት ሆስፒታል አለ። ከከተማ የሸሸ ሦስት መቶ የሚያህል ሰውም አለ። እማማ ሄርባሲያ አሉ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ባዶ ጆንያዬን ተሸክሜ ወጣሁ። ድልድዩ ላይ ለዘበኛው ጎንበስ አልኩ። በደንብ አልጎነበስሽም ብሎ በጥፊ መታኝ። እንደገና ጎነበስኩ። ጆሮዬ እየጮኸ ተሻገርኩ። ከድልድዩ ማዶ የጎረቤታችን ባል ጋሪ ነጂው ፕላሲዶ ፈረሱን ሲያጠጣ አገኘኝ።

"ሊብራዳ! ወዴት ነው በጠዋቱ? ካሳቫ ነው? ነይ ውጪ፣ ሳንታ ባርባራ ነው የምሄደው።"

እምቢ ብል ምን ይላል? ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስለ ፈረሱ የሆድ ቁርጠት ሲያወራኝ ሄደ።

ሳንታ ባርባራ ስደርስ የካሳቫ ነጋዴዋ በር በሳንቃ ተቸንክሯል። ጎረቤቷ በመስኮት አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። "ከሄደች አራት ቀኗ ነው። ወስደዋት ይሁን ሸሽታ አላውቅም። አንቺም እዚህ አትቁሚ።"

እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ አሰብኩ። ተመልሼ ለኡርባና ልንገራት? ቀኑ ያልቃል። ወሬውን የምሰጠው ሌላ ሰው አላውቅም፤ እንዳላውቅም ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ጆንያዬን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩና ፊቴን ወደ ተራራው አዞርኩ።

ከኋላዬ ፕላሲዶ ጮኸ። "አንቺ! ካሳቫ በዚያ በኩል የለም እኮ!"

"አንተ ደግሞ ካሳቫ ከመቼ ወዲህ ነው የምታውቀው? የፈረስህን ሆድ አስታም!" አልኩት። ሳቀ። ግን ዓይኑ ከጀርባዬ አልተነሳም፤ ይሰማኝ ነበር።

ያን ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ሄድኩ። አንድ ገበሬ ቤት አደርኩና ረቡዕ ረፋዱ ላይ ታግባካን ደረስኩ። ጫማዬ መንገድ ላይ ተበጥሶ በባዶ እግሬ ነበርኩ። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ልጆች ከቁጥቋጦ ወጥተው ያዙኝና ወደ ሃምሳ አለቃቸው ወሰዱኝ። ከጎጆዎቹ መካከል ሰው ተሰበሰበ። ወዲያው አንዲት ሴት አወቀችኝ።

"ይቺ የሃሮዋ የጃፓን አጣቢ አይደለችም?"

"ናት! ራሷ ናት!"

ሃምሳ አለቃው ቀጭን፣ ፊቱ በወባ የገረጣ ወጣት ነበር። "ማን ላከሽ?"

"ካሳቫዋ።"

"ካሳቫዋን አውቃታለሁ። አንቺ እሷ አይደለሽም።"

"የካሳቫዋ በር ተቸንክሯል። ለሷ የምነግራት እኔ ነበርኩ።" የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። የተከፈለውን ጫማ፣ ረቡዕ ቀትር የሚለውን፣ አልቅቱን፣ ለስላሳውን ኮሌታ።

ሃምሳ አለቃው ሰምቶኝ ሲያበቃ ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። "ኮሌታ! ስለ አንድ ኮሌታ ብዬ ሃያ ስምንት ቁስለኛ ልንቀል? ወደ ሸለቆው አውጥተሽ ስጪን ብለው ነው የላኩሽ። እዚያ መትረየስ ደግነው ይጠብቁናል፤ አይደል?"

ከሕዝቡ መካከል "እሰሯት!" የሚል ድምፅ ተሰማ። "ተኩሱባት!" ያለም ነበረ። የኡርባና ነገር ትዝ አለኝና አንገቴን ቀና አደረግኩ።

"ተኩስ" አልኩት። "እኔን ከጨረስክ በኋላ ግን ቁስለኞችህን አንሳ። የመጣሁበት እሱ ነው።"

ያኔ ሰው ገለል ገለል አለና እማማ ሄርባሲያ መጡ። ከስተዋል። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ሰላም አላሉኝም።

"ሊብራዳ። ዱቄት እንዳይነካው ያለው መኮንኑ ራሱ ነው?"

"አዎ፣ እማማ። በአሥር አለቃው በኩል።"

"በፊት ዱቄት ይወድ ነበር?"

"ካልቆመለት ሸሚዙን ይወረውርብናል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዳማሶም ተራራ ሊወጣ ሲል ኮሌታውን ውኃ ነክሬ እንዳለሰልስለት ይለምነኝ ነበር። አንገቱን ይልጠዋል።" ወደ ሃምሳ አለቃው ዞሩ። "ልጄ፣ ይቺን ልጅ ከቤቴ ያባረርኳት እኔ ነኝ። ያላልኳት የለም። ውሸታም ግን ብያት አላውቅም፤ ስላልሆነች ነው። አንተ ከፈለግክ ተቀመጥ። እኔ ድስቴን ይዤ ወጥቻለሁ።"

ዞረው ጎጆአቸው ገቡና ድስታቸውን ይዘው ወጡ። ማንንም ሳይጠብቁ ሽቅብ ወደ ጫካው መንገድ ጀመሩ። መጀመሪያ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ተከተለቻቸው። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች። ከዚያ ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ መለየት አቃተን። ሃምሳ አለቃው ቆሞ አያቸውና ተሳደበ፤ ማንን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ "ቃሬዛ አምጡ!" ብሎ ጮኸ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ታግባካን ላይ ከዶሮ በቀር ነፍስ አልቀረም። ከመለያየታችን በፊት እማማ ሄርባሲያ የእግራቸውን ነጠላ ጫማ አውልቀው ፊቴ ጣሉት። "እግርሽ ደምቷል" አሉ።

"እማማ፣ ስለ ማጠቢያው ሌላ ነገር አይጠይቁኝ።"

"ምን ጠየቅኩሽ?" አሉና ሄዱ።

ጆንያዬን ሰዎቹ ጎጆዎቹ ውስጥ በተዉት ካሳቫ ሞልቼ በሌላ መንገድ ወረድኩ። ጃፓኖቹ ዓርብ ዘመቱ፤ እሁድ ተመለሱ። አቃጥለው የመጡት ባዶ ጎጆ ነው። ሰኞ ልብሳቸው መጣ፤ ከጉልበት በታች ሁሉ በአልቅት ደም የተለበጠ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን እየሳቅኩ ያጠብኩት ልብስ የለም። ኡርባና የሻምበሉን ሱሪ ወደ ፀሐይ አንስታ እያየች "ምስኪን፣ ትምባሆው አልበቃውም" ትላለች።

ሳቃችን አንድ ቀን ነው የቆየው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወታደሮች ሰፈራችንን ከበቡና ሰውን ሁሉ ወደ አደባባዩ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል ግንብ ሥር ነዱት። ሴት ለብቻ፣ ወንድ ለብቻ አሰለፉን። ሻምበል ኦኩዳ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ፤ አስተርጓሚው አጠገቡ ቆመ። ከዚያ ዘንቢል ያጠለቀውን ሰው አመጡት።

ይሄ ነገር ያላየ ሰው አይገባውም። ከዘንባባ የተሠራ የገበያ ዘንቢል ራሱ ላይ ደፍተውበት እስከ ትከሻው ወርዷል፤ ለዓይኑ ሁለት ቀዳዳ ተበስቷል። በሰልፉ ፊት ቀስ ብሎ ያልፋል። ቆሞ ጣቱን የቀሰረበት ሰው ይወሰዳል፤ ማን እንደጠቆመው እንኳ ሳያውቅ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ማንም ወደ ዘንቢሉ ማየት አይፈልግም፤ ማንም ደግሞ ዓይኑን መንቀል አይችልም።

መጣ፣ መጣና ፊቴ ቆመ። ትምባሆና የፈረስ ሽታ ሸተተኝ። እጁ ተነሳ።

"አንተ ዘንቢል!"

የኡርባና ድምፅ ነበር። ሰልፉን ጥሳ ወጣች። ወታደሩ በሰደፍ ሊመልሳት ሲል በክንዷ ገፋችው።

"ያንን ሱሪ አውቀዋለሁ። የግራ ጉልበቱን የጣፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥቁር ክር ጠፍቶብኝ በሰማያዊ!"

የዘንቢሉ ሰው እጁ ሳያስበው ወደ ጉልበቱ ወረደና የተጣፈውን ሸፈነው።

ያቺ እጅ ጨረሰችው። ኡርባና እስከ ግንቡ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ ጮኸች። "ፕላሲዶ! ሚስትህ ሱሪህን ያመጣችልኝ ሁለት ሳምንት አይሞላውም። ፊትህንም አብራ ብታመጣልኝ አጥብልህ ነበር!"

አንድ ሰው ሳቀ። እዚያ፣ መትረየስ ፊት፣ ሰው ሳቀ። ከዚያ ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ "ፕላሲዶ ነው፣ ፕላሲዶ፣ ጋሪ ነጂው" እያለ ከሴቶቹ ሰልፍ ወደ ወንዶቹ ተሻገረ። ሰውዬው ዘንቢሉን ራሱ አውልቆ ጣለው። ፊቱ በላብ ተነክሯል። "አይቻታለሁ!" እያለ ጮኸ። "ወደ ተራራው ስትሄድ በዓይኔ አይቻታለሁ!"

ሻምበሉ ተነስቶ ወደኔ መጣ። በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀኝ። "ተራራ ምን ልታደርጊ ሄድሽ?"

"ካሳቫ ፍለጋ፣ ጌታዬ። ሳንታ ባርባራ አጣሁ። ወደ ላይ ወጥቼ አገኘሁ። ጆንያው ማጠቢያው ውስጥ አለ። ለኮሌታዎ ነው።"

ሰው ልኮ አስፈተሸ። ጆንያው ነበር፤ ሙሉ። ሻምበሉ እኔን አየ፣ ጆንያውን አየ፣ ፕላሲዶን አየ። ፕላሲዶ ከዚያ በኋላ ለማንም የማይጠቅም ሰው ሆኗል፤ ፊቱን አገር አይቶታል። ሻምበሉ ንዴቱን የሚያወርድበት ሰው ፈለገ። ኡርባናን ወሰዷት። ስትሄድ ዞራ "ሸሚዞቹን እንዳታቃጥዪ፣ ካውያው ግሏል!" አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ማጠቢያው ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት ድስት ይዘው ቆሙ። እማማ ሄርባሲያ ነበሩ። ገብተው ድስታቸውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

"የሚከብደው የትኛው ነው?"

"ሱሪው። ግን እማማ... የእነሱ ነው።"

"አውቃለሁ የማን እንደሆነ። ስጪኝ።" አንዱን አንስተው ወገቡን ገለበጡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቀይ ክር ያለውን ለብቻ ነው የምቆጥረው ወይስ ከቢጫው ጋር?" አሉኝ።

ኡርባና በሃያኛው ቀን ተለቀቀች። በእግሯ መጣች፤ ማንም እንዲደግፋት አልፈቀደችም። የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ተሰብረው በየራሳቸው አቅጣጫ ገጥመዋል። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ትምባሆ አፏ ውስጥ እንዳደርግላት ጠየቀችኝ።

"ምን አልሻቸው?" አልኳት።

"ማን ነው አለቃሽ ሲሉኝ፣ ልብስ የሚያቆሽሸው ሁሉ አለቃዬ ነው አልኩ። ማንን ታውቂያለሽ ሲሉኝ የሁሉንም የውስጥ ሱሪ አውቃለሁ አልኩ። ተርጓሚው ይሄን አልተረጎመውም፤ ፈሪ።" ጢሱን ዋጥ አደረገች። "ጮኬያለሁ፣ ኢንዳይ። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽሽም። እንደሚታረድ አሳማ ነው የጮህኩት። ግን ጩኸት ውስጥ ስም የለም።"

ከዚያ በኋላ መጭመቅም በካውያ መተኮስም አልቻለችም። በርጩማዋ ላይ ሆና ትቆጥራለች፤ እኔና እማማ ሄርባሲያ እናጥባለን። ለወሬው ሌላ መንገድ አገኘን። የዚያው ሻምበል ሸሚዝ እየመጣልን፣ ኮሌታውን እንደ ጣውላ እያቆምንለት፣ አንድ ዓመት ያህል ቀጠልን። ጃፓኖቹ ሊያዩን ሲመጡ ኡርባና የተጣመሙ እጆቿን አትደብቅም ነበር። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታሳያቸዋለች። ዓይናቸውን የሚያዞሩት እነሱ ነበሩ።

ጃፓን ሲሸሽ የሰፈሩ ሰው መቀስ ይዞ መጣ፤ የአጣቢዎቹን ጸጉር ሊቆርጥ። ከፊት ዓሣ ሻጯ ነበረች። እማማ ሄርባሲያ የልብስ መደብደቢያውን ዱላ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። "ታግባካን ላይ ዘመድ የነበረው ወደ ፊት ይምጣ" አሉ። "በዚያ ረቡዕ ማን እንዳስወጣው ልንገረው። ከዚያ መቀሱን ይዞ ይግባ።" የዓሣ ሻጯ እህት እዚያ ነበረች። መቀሱን ቀሚሷ ውስጥ ከትታ ዞረች። ከማግስቱ ጀምሮ ዓሣ ትሸጥልኝ ጀመር፤ ይቅርታ ግን አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ የተዋጉትን የሚመዘግብ ኮሚቴ መጣ ሲባል ሰማንና ሦስታችንም ሄድን። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው መነጽር ያደረገ ወጣት ነበር።

"የጦር ክፍልሽ?"

"ማጠቢያው" አለች ኡርባና።

"አዛዥሽ?"

"አልነበረኝም።"

"የታጠቅሽው መሣሪያ?"

እኔ ነኝ የመለስኩት። "ሳሙና።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ የምቀልድ መስሎታል። "የጽሑፍ ማስረጃ አላችሁ?"

"ጽሑፍ ቢኖረን ኖሮ ዛሬ ፊትህ አንቆምም ነበር፣ ልጄ" አለችው ኡርባና።

ብዕሩን አስቀመጠ። ክፉ ልጅ አልነበረም። "ያለ ማስረጃ መመዝገብ አልችልም። ግን አንድ የጫካ አዛዥ ለምናችሁ ደብዳቤ ብታመጡ..."

"ለምኜ?" ኡርባና ተነሳች። ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ። "ስዋጋ ማንንም አላስፈቀድኩም። ስለተዋጋሁም ማንንም አልለምንም። መዝገብህን ዝጋው፤ አቧራ ይገባበታል።"

እማማ ሄርባሲያ ወንበሩን አንስተው በቦታው መለሱና "ደህና ዋል" አሉት፤ እሳቸው ሥርዓት ያውቃሉ። ወጣን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ረኃብ ያዘንና ላ ፓዝ ገበያ ገብተን አንዱ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ባቾይ የሚባለውን የአሳማ ሥጋ ሾርባ አዘዝን። ኡርባና አንዴ ቀምሳ ሾርባው ጨው በዝቶበታል ብላ ከሻጯ ጋር ተጣላች። ሻጯም "ካልጣመሽ ተይው፣ ለአሳማዎቼ እሰጠዋለሁ" አለቻት። ማንኪያ ልይዝላት እጄን ስዘረጋ በክርኗ ገፋችኝ። ሳህኑን በሁለት የእጅ አንጓዎቿ መሃል ጨብጣ አነሳችው፤ ወደ አፏ ወሰደችና አንዲት ጠብታ ሳታፈስ እስከ ታች ጠጣችው። ከዚያ ሳህኑን ሻጯ ፊት አስቀመጠችና "ድገሚኝ" አለች።